ቀትር ላይ ሁሉም አረንጓዴ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካው ሲነፋ ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ ቤቱ ይገባል። ድሬዳዋ ውስጥ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ብርማ ጃንጥላ መንገዱ ላይ ከተወጠረው የሸራ ጥላ መውጣት ካስቀጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ውሾች እንኳ ሕጉን ያውቁታል፤ ፊሽካው ሊነፋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከየተኙበት ተነሥተው ወደ ቦዩ ይወርዳሉ።

በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀሰው ተረኛው ብቻ ነው። ጃንጥላውን ዘርግቶ የሃያ ሁለቱን ቤት በር እያየ ያልፋል። ከእያንዳንዱ በር በላይ ሎሚ የምታህል አምፖል አለች። ቤቱ ከባትሪው ወደ ሰፈሩ መስመር እየሰጠ ከሆነ አረንጓዴ ትበራለች፤ ከመስመሩ እየወሰደ ከሆነ ቀይ። ተረኛው አረንጓዴዎቹን ይቆጥርና በድምፅ ማጉያው፣ «ዛሬ ሃያ አንድ ሰጪ፣ አንድ ወሳጅ!» ይላል። ሰው ወለል ላይ ተጋድሞ ያዳምጣል፤ ድሮ የሎተሪ ዕጣ ይሰማ እንደነበረው።

ይህ የመብራት እድር ነው። እድር ድሮ ለቀብር ነበር፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ። ሙቀቱ አርባ ስምንት ከገባ በኋላ ግን፣ ሰው ሲሞት ከመረባረብ ሳይሞት መረባረብ ይሻላል ተባለ። ሕጉ አጭር ነው። አራስ ያለችበት ቤት ሰማንያ ቀን ይወስዳል፤ በሽተኛ ያለበት እስኪድንለት። ሌላው ቀትር ላይ ይሰጣል። አቅም ያነሰው ለተረኛው «አልቻልኩም» ካለ ይቀርለታል፤ ማንም ለምን አይለውም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ «አልቻልኩም» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ምንዳዬ ነው። ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጣ፣ መነጽሩ ሁልጊዜ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ሰው መተረብ የሚወድ ሰውዬ። ሠላሳ ዓመት የባቡር ሞተር የሚያዝዘውን ዕቃ ሲጠግን ስለኖረ፣ ያው ዓይነት ዕቃ አንሶ የጫማ ካርቶን አክሎ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ የገጠመውም፣ ስም ያወጣለትም እሱ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማንም ማንበብ ስላልቻለ «ከታፊ» አለው፤ ከታፊ ሆኖ ቀረ።

ያን ዕለት ሰፈሩን ሁሉ ሰብስቦ ክዳኑን ከፍቶ አሳይቷቸዋል።

«ቧንቧ በሉት» አለ። «ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ፤ በሰከንድ ሃያ ሺህ ጊዜ። ክፍቱ ከረዘመ ቮልቱ ይወፍራል፣ ዝጉ ከረዘመ ይቀጥናል። ስትወስዱ ለቤታችሁ በልኩ ከትፎ የሚያቀርብላችሁ እንዲህ አድርጎ ነው።»

«ስንሰጥስ?» አለች ጽጌማርያም። ጽጌ የግድግዳ ጎረቤቱ ናት፤ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም።

«ስትሰጪ ወደ ኋላ ይዞራል። ባትሪሽ ስድሳ ቮልት ነው፣ መስመሩ መቶ ሃያ። አጭር ሰው ቆጥ ላይ ዕቃ እንዴት ይሰቅላል? ይሄ ጥቅልል ሽቦ ትንፋሹን ሰብሰብ ያደርግና፣ እፍ! ብሎ ወደ ላይ ይገፋልሻል።»

«ሁለቱን ባንድ ጊዜስ?»

«ሁለቱ በር ባንዴ ከተከፈተማ ይነድዳል! ወይ ስጪ፣ ወይ ውሰጂ።»

«አምፖሏስ?»

«አምፖሏ ምን አላት? ሁለት ሽቦ ናት፤ ሕፃን ይገጥማታል።»

ሁሉም ሳቁ። በቀጣዮቹ ዓመታት ያሳቃቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የማንም ቤት አምፖል ለአንድ ቀትር ቀይ ከሆነች፣ ጋሽ ምንዳዬ በማግስቱ ባለቤቱን አስቁሞ፣ «ምነው ወንድሜ፣ በርህ ዓይኑ ቀላ? ትራኮማ ነው?» ይለዋል። ተረቡ ሰፈሩን አዳረሰ። ልጆች እየዘፈኑ ገመድ ዘለሉበት። ከዚያ ወዲህ ቀይ በር እየጠፋ፣ እየጠፋ መጣ። ጋሽ ምንዳዬም ይህን በየስብሰባው እንደ ሥራው ውጤት ያቀርበው ነበር።

ባለፈው ወር የራሱ ባትሪ አበጠ።

እንደ ቦካ ሊጥ ነው ያበጠው። ባትሪ የሚቀየረው በከተማው ተራ ነው፤ የእሱ ተራ ዓመት ከሁለት ወር ይቀረዋል። ቀትር ላይ ከታፊው ወደ መስጠት ሲዞር ባትሪው አምስት ደቂቃ አይቆይም፤ ይወድቅና መልሶ ከመስመሩ መጠጣት ይጀምራል። ጋሽ ምንዳዬ ሦስት ቀን ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ አስካለ ወጥ ቤት ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐሙስ ረፋዱ ላይ መሰላል አወጣ።

አስካለ መሰላሉን ይዛለታለች።

«ለዚያድ ብትነግረውስ?» አለችው። የዚያን ወር ተረኛ ዚያድ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ። «አልቻልኩም በለው። ሰው አይደለህ እንዴ?»

«ዳኛው ሄጄ አልቻልኩም ልበል?»

«ዳኛ ባትሪው አያብጥም ያለው ማነው?»

«መሰላሉን ያዢ ዝም ብለሽ።»

«እኔ እንደሆንኩ ቀዩን አልፈራውም አቦ። ቀዩን አስፈሪ ያደረግከው አንተ ነህ።»

ሁለቱን ሽቦ ፈታ፣ አቀያየረ፣ አሰረ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሲወርድ አምፖሏ አረንጓዴ ነበረች፤ ቤቱም እየወሰደ ነበር። ለራሱ እንዲህ አለ፦ የምንወስደው ያቺን አንድ ማቀዝቀዣ ያህል ነው፤ ሃያ ቤት እየሰጠ የአንድ ቤት ምን ይጎዳል?

ሒሳቡ ትክክል ነው። የተጎዳው ግን ከእሱ አራተኛው በር ላይ ነበር።

እዚያ ያለችው ኢፍቱ ናት። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ነው የሚሠራው፤ ልጇ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ሰፈሩ ውስጥ በሕግ ወሳጅ የሆነችው አራሷ እሷ ብቻ ናት። የእሷ ማቀዝቀዣ ከዘጠና ስምንት ቮልት በታች አይሠራም። ከዓርብ ጀምሮ ቀትር በመጣ ቁጥር መስመሩ እየወረደ፣ ማቀዝቀዣው ጠቅ እያለ ይጠፋል። እሑድ ዕለት የሕፃኑ ሰውነት በሽፍታ ተሞላ። ሰኞ ጤና ጣቢያ ስትወስደው ሙቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ ከሁለት ደርሶ ነበር። ነርሷ፣ «ሌላ እንዲህ ያለ ቀትር አይችልም» አለቻት። ይህ ሁሉ ሲሆን ዚያድ በየቀኑ በድምፅ ማጉያው፣ «ሃያ አንድ ሰጪ፣ አንድ ወሳጅ» ይላል።

ማክሰኞ አመሻሹ ላይ እድሩ ተሰበሰበ።

«እኔ ያልገባኝ» አለች ጽጌ ቆማ፣ «ሃያ አንድ አረንጓዴ እየተቆጠረ መስመሩ እንዴት ይወድቃል? ሁሉም እየሰጠ ከሆነ በላተኛው ማነው?»

በላተኛው ማን እንደሆነ ለማየት ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። ሕፃኑን አቅፋ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ኢፍቱ ወደ ኋላዋ አየች፤ ከኋላዋ ግድግዳ ነው።

«የበረዶ ማሽን አላት ይባላል» አለ አንድ ሰው።

«እኔም ድምፅ ሰምቻለሁ» አለች ሌላዋ።

«ልጄ ነው የሚያለቅሰው» አለች ኢፍቱ። «ማሽን የለኝም።»

«ማሽን ከሌለ ዳኛው ያያታላ! ምንዳዬ፣ ነገ ቀትር ላይ ከታፊዋን ፈትሽ። ከተገኘባት መስመሯ ይጥበብ፤ ማራገቢያ ይበቃታል» አለ ያው ሰው።

ጋሽ ምንዳዬ መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ይፈልግ ነበር። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። «ይሁን፣ ይታያል» አለ። ኢፍቱ ተነሥታ፣ «ሳላውቅ ያጠፋሁት ካለ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብላ ከነልጇ ጎንበስ አለች፤ ስብሰባውም በሰላም ተበተነ።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ መሣሪያውን ይዞ ሄደ። ቤቷ ውስጥ አየሩ የዳቦ ቤት ነው የሚመስለው። ሕፃኑ እርጥብ ነጠላ ላይ ተኝቷል፤ አያለቅስም፤ ማልቀሱን ትቶታል። ጋሽ ምንዳዬ ከታፊውን ከፈተ። ክላምፕ የሚሉትን፣ ሽቦውን እንደ ጉጠት ነክሶ የሚያልፈውን ኃይልና አቅጣጫውን የሚናገረውን መለኪያ አስገባ። መስመሩ ዘጠና ሰባት ቮልት። ሁለት ጊዜ አየው። ከታፊው ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ብሎን አልላላችም።

ዞር ሲል ቤቱ ውስጥ አንድም የተሰካ ነገር የለም። ፍሪጁ ተነቅሏል። ቴሌቪዥኑ ተነቅሏል። የግድግዳው ሰዓት እንኳ ገመዱ ተንጠልጥሎ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ቆሟል።

«ሰዓቱን ደግሞ ምን አድርጎሽ ነቀልሽው?» አላት።

«ምናልባት እሱ ይሆናል ብዬ» አለች ኢፍቱ። «አገኘኸው ወይ ጋሽ ምንዳዬ? ጥፋቱ የኔ ከሆነ ንገረኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ ነው ያደርኩት። ፍሪጁን እየደጋገምኩ እከፍት ነበር፤ እሱ ይሆን?»

«አይደለም።»

«ስልኬንም ቀን ቀን እሰካ ነበር።»

«አይደለም አልኩሽ እኮ!» ድምፁ ከፍ ሲል ሕፃኑ ዓይኑን ገለጠ፣ መልሶ ከደነ። ጋሽ ምንዳዬ ክላምፑን ይዞ ወጣ።

ከሸራው ጥላ ሥር ጽጌ፣ ዚያድና አሥር የሚሆኑ ሰዎች ይጠብቁታል። እንዲህ ባለ ሙቀት ሰው ለሌላ ጉዳይ አይወጣም፤ የሰው ጥፋት ሲገኝ ለማየት ግን ይወጣል።

«እህሳ!» አለች ጽጌ። «የበረዶ ማሽኑስ?»

«የላትም። ከታፊዋም ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ታዲያ ምንድነው?»

መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። «የመስመሩ ሽቦ አርጅቷል» ቢል ያበቃል። ሽቦ ማርጀቱን ማን ይከራከራል? ለከተማው ማመልከቻ ይጻፋል፣ ማመልከቻው ስድስት ወር ይከርማል። አፉን ከፈተ።

«የኔ በር ናት» አለ።

«ምኗ?»

«አምፖሏ። ገልብጫታለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ እየወሰድኩ ነው።»

ከዚያ ጽጌ ሳቀች። «አቦ አትቀልድ! በዚህ ሙቀት ቀልድ አይገባንም።»

ጋሽ ምንዳዬ ቤቱ ሄዶ መሰላሉን አመጣ። ሁሉም እያዩት ወጣ፤ አስካለ ከውስጥ መጥታ መሰላሉን ያዘችለት። ሽቦዎቹን መልሶ ሲያቀያይራቸው አምፖሏ ቀላች። ቀትር ላይ፣ በዳኛው በር፣ እንደ በርበሬ። በአሥራ አራት ዓመቱ ሰፈሩ እንዲህ ያለ ቀይ ያየ አይመስልም ነበር።

ከዚያ የሆነው የሚጠበቅ ነው።

«ዓይንህ ቀላ እያልክ ስታሽሟጥጠን የኖርከው ሰውዬ!» አለች ጽጌ ጭኗን እየመታች። «የእኔን እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትራኮማ አለባት ብለህ ስንት ቀን አስለቀስካት!»

«ከአራስ አፍ!» አለ ሌላው። «ከአራስ አፍ ነጥቆ!»

«እኔ በየቀኑ ሃያ አንድ፣ ሃያ አንድ ስል...» አለ ዚያድ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ መልሶ አጠለቀው።

ጋሽ ምንዳዬ ከመሰላሉ ወርዶ ራሱን አቀርቅሮ ተቀበለ። ስድቡ በዝቶበት አልነበረም። እንዲያውም እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል፤ አብዛኛው የገዛ ቃሉ ነው፤ በሌላ ሰው አፍ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ነው ያላወቀው። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ፣ «ልክ ናችሁ» አለ። ገብቶ ከታፊውን አጠፋ። ማቀዝቀዣው ቆመ። አስካለ እርጥብ ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«በቃ፣ አሁን ማቀዝቀዣው ይነሣላታል» አለ አንዱ።

ሁሉም ተከትለውት ወደ ኢፍቱ በር ሄዱ። ጋሽ ምንዳዬ መለኪያውን አየ። ዘጠና ሰባት የነበረው ዘጠና ሰባት ተኩል ሆኗል። ጠበቀ። ዘጠና ሰባት ተኩል።

ወደ ምሰሶው ሄዶ ዋናውን ሽቦ በክላምፑ ነከሰው። ሠላሳ ዓመት በዚህ እንጀራ የበላ ሰው ቁጥር አያስቸግረውም። የጎደለው የአንድ ሽማግሌ ማቀዝቀዣ አልነበረም። የስምንት ቤት ነው።

ቀና ብሎ በሮቹን አየ። ከራሱና ከኢፍቱ በር በቀር ሁሉም አረንጓዴ። ሁለት ሽቦ ናት፣ ሕፃን ይገጥማታል ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ለማን ነበር ያሳየው? ለሁሉም።

ከዚያ ሰዎቹን አየ። ጽጌ ስድቧን መሐል ላይ አቁማ ክላምፑን ታያለች። ዚያድ ጃንጥላውን ጥላ ውስጥ ቆሞ ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። «ከአራስ አፍ» ያለው ሰውዬ ጫማውን ይመረምራል። ማንም ማንንም አያይም። አሁን ክላምፑን ይዞ ከበር በር ቢዞር ዐሥር ደቂቃ አይፈጅበትም፤ እያንዳንዳቸው እሱ አሁን የቆመበት ቦታ ይቆማሉ። ይህን ለመመኘት ቅጽበት አልፈጀበትም። ያፈረበት ደግሞ መመኘቱ ነው።

«ይቺ ክላምፕ» አለ ድምፁን ጠርጎ፣ «ሙቀት አይስማማትም። ግማሽ ሰዓት ኢፍቱ ቤት ጥላ ውስጥ ላሳርፋት። ከዚያ ከጽጌ በር ጀምሬ ሁሉንም እዞራለሁ።»

«ክላምፕ ደግሞ ያርፋል እንዴ?» አለ ዚያድ፤ አስተማሪ ነውና።

ጽጌ በክርኗ ጎሸመችው። «ያርፋል እንጂ! ዕቃ አይደለም?»

«ወይኔ፣ ድስት ጥጄ!» አለች አንዲት ሴት።

«እኔም ቧንቧ ከፍቼ...»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከሸራው ሥር ሰው አልነበረም። ጋሽ ምንዳዬ ኢፍቱ ቤት ገብቶ፣ በርጩማ ስቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ከውጭ የሚሰማው ከታፊ ጠቅ ብሎ ሲጠፋ፣ መሰላል ሲጎተት ነው። አንድ፣ ከወዲያ ማዶ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ባንዴ። በሰባት ሰዓት ፀሐይ ሰፈሩ ሁሉ መሰላል ላይ ነው፤ ማንም ማንንም አላየም።

መለኪያው ዘጠና ዘጠኝ አለ። መቶ ሁለት። ትንሽ ቆመ፤ አንዱ ቤት ሳያመነታ አልቀረም። መቶ ስድስት። መቶ አሥራ አንድ። ኢፍቱ ማቀዝቀዣውን ሰካች፤ ጠቅ ብሎ ተነሣ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሕፃኑ አስነጠሰ። ከዚያም ማልቀስ ጀመረ፤ ጮክ ብሎ፣ በጉልበት፣ እንደ ጤነኛ ልጅ።

ኢፍቱ አንሥታ አቀፈችው። ጡት ሰጠችው፤ ጠብቶ ረጋ። ጋሽ ምንዳዬ ክላምፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ነው የጠራችው።

«ጋሽ ምንዳዬ።»

«አቤት።»

«ውጪ የተባለውን ሰምቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት፣ እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ስጠይቅ፣ አምፖሏን ገልብጠሃት ነበር?»

«ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ነገሩን ልክ እንደነበረ ለማስታወስ የምትሞክር ነው የምትመስለው።

«ጎንበስ ስል፣ ቀኝ እጅህን ራሴ ላይ አድርገህ 'ፈጣሪ ይቅር ይበልሽ' አልከኝ።»

ጋሽ ምንዳዬ ይህን ረስቶት ነበር። ወይም የረሳ መስሎት ነበር። «ብያለሁ» አለ።

«እኔም አሜን አልኩ።»

ሕፃኑ እጇ ላይ ተኝቷል። «በል ውጣ» አለችው በቀስታ። «በሩ ሲከፈት ቅዝቃዜው ይወጣል።»

ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ፤ ልጁ እንዳይነቃ ተጠንቅቃ ነው የዘጋችው፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ከሸራው ጥላ ሥር ግራ ቀኙ ጸጥ ብሏል፤ አምፖላቸው የጠፋ በሮች አሉ፣ ቀይ አሉ፣ አረንጓዴም አሉ። በሁሉም ደጃፍ ሰው ተቀምጦ ወደ መሬት ያያል። ጋሽ ምንዳዬ ክላምፑን በግራ እጁ ያዘ። ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ከኋላው አደረገ፣ መልሶ አወጣ፤ የት እንደሚያኖረው ጠፋው።